ሆዷ ሰፊ፣ አናቷ ጠባብ፦ ስለ ድሮ እቃ ጫኝ መርከቦች የጠየቃችሁን

ባለፈው እትም ስለ ስዊዝ ካናል ስንጽፍ ከጽሁፉ ጎን አንዲት የድሮ የእንግሊዝ ጭነት መርከብ ፎቶ አውጥተን ነበር፣ ጎኗ ላይ እርከን ያላት። ጽሁፉን ማን እንዳነበበው እንጃ፣ ፎቶዋን ግን ሁሉም አይቷታል መሰለኝ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ የመጣው ጥያቄ ስለ እሷው ነው። ስለዚህ የዚህ ወር አምድ የመርከብ ሆኗል፣ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ስልክ ባትሪ የጠየቃችሁ ለሚቀጥለው ታገሱን። ዓመተ ምህረቱ ካልተባለ በቀር ሁሉም የፈረንጅ ነው፣ እየቀነሳችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ተሳቢ ነው የምነዳው፣ ወደብ ላይ ወረፋ ስጠብቅ መርከብ ሳይ ነው የምውለው፣ እንደዛች አይነት ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ጎኗ ከውሃው ትንሽ ከፍ ይልና ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ከዛ እንደገና ቀጥ ብሎ ይወጣል። ፎቶው ነው የተበላሸው ወይስ መርከቧ ናት እንደዚህ? ላዩን እንደዛ ካጠበቡትስ እቃውን የት ሊጭኑ ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድማችን ሰላም ነህ፣ ፎቶው ደህና ነው፣ መርከቧ ናት እንደዛ። ይሄ አይነት መርከብ ቱሬት ዴክ ይባላል፣ የመጀመሪያዋ ስሟም ቱሬት ነበር፣ በ1892 ሰንደርላንድ የምትባል የሰሜን ምስራቅ እንግሊዝ ከተማ ዶክስፎርድ በሚባል ድርጅት ተሰራች፣ ያ ማለት እኛው ሰፈር ውጫሌ ላይ ውሉ ከተፈረመ ከ3 ዓመት በኋላ ነው። እስከ 1911 ድረስ ወደ 180 የሚጠጉ ተሰርተዋል፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከዛው ከዶክስፎርድ ነው የወጡት።

ቅርጿን በደንብ ላስረዳህ። መሃሏን በመጋዝ ቆርጠህ ብታያት ታችዋ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ ጎኗ ቀጥ ብሎ ይወጣና ከውሃው ትንሽ ከፍ እንዳለ ወደ ውስጥ ጎበጥ ይላል፣ እዛ ጋ ለጥ ያለ እርከን ይሰራል፣ ሃርበር ዴክ ይሉታል፣ ከዛ ብረቱ እንደገና ወደ ላይ ታጥፎ ጠባቡን የላይኛውን ወለል ይሸከማል። ማዕዘን የሚባል ነገር የላትም፣ ሁሉም የጎበጠ ብረት ነው። የጭነቱ አፍ፣ ምሰሶው፣ ሰው የሚመላለስበት ሁሉ ጠባቡ ወለል ላይ ነው፣ ስትጭን እርከኑን ማዕበል እየመጣ ያጥበዋል።

አሁን ለምን ወደሚለው ስንመጣ፣ ብዙ ሰው መሀንዲሶቹ ያበዱ ይመስለዋል ግን አላበዱም፣ ቀረጥ ነው። ስዊዝ ካናል የሚያስከፍለው በቶን ነው፣ ይሄ ቶን ደግሞ አንተ ሚዛን ላይ የምታውቀው ቶን እንዳይመስልህ፣ የመርከቧ የውስጥ ቦታ ነው የሚለካው፣ 100 ኪዩቢክ ጫማ ወይም 2.83 ሜትር ኩብ ቦታ አንድ ቶን ተብሎ ይመዘገባል። በዛን ጊዜ በነበረው አለካክ ደግሞ የላይኛው ወለል ሲጠብ የሚመዘገበው ቶን ዝቅ ይላል፣ ሆዷ ግን እንዳለ ነው፣ የምትሸከመውም እንዳለ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ትንሽ፣ ባህር ላይ ትልቅ የሆነች መርከብ አገኙ ማለት ነው፣ በካናሉ ባለፈች ቁጥር ደግሞ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ብር ይቀራል። አንተ ራስህ የምታውቀው ነገር ነው፣ ተሳቢው ስንት አክስል ይኑረው የሚለውን የወሰነው ሞተሩ አይደለም፣ ሚዛን ጣቢያው ላይ ያለው ደንብ ነው፣ ፋብሪካውም ያንን እያየ ነው የሚገጣጥመው። እነዚያም ካናሉ ላይ የቆመውን ለኪ እያዩ ነው ብረት ያጎበጡት። ዋናዋ ደንበኛ ክላን ላይን የምትባል ወደ ህንድ የምትመላለስ የእንግሊዝ ኩባንያ ነበረች፣ 30 ቱሬት ነበራት። ወደ ህንድ ሲሄዱ ደግሞ መንገዳቸው ቀይ ባህር ስለሆነ እነዚህ ጉደኞች በአሰብ ፊት ለፊት ነው የሚያልፉት።

ግን ቀረጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብልጠት ነው ብዬ አልፋት ነበር፣ እኔ የምወድላት ሌላ ነገር አላት። ስንዴ ወይም የድንጋይ ከሰል ከላይ በአፉ ስታፈሰው መሃል ላይ ይቆለልና ወደ ዳር እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ጥግ ጥጉ ከወለሉ ስር ግን ባዶ ይቀራል። ተራ መርከብ ላይ ያንን ባዶ ለመሙላት ሰው አካፋ ይዞ እዛ አቧራ ውስጥ ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ እህሉን ወደ ጥግ ሲገፋ ይውላል፣ ካልተሞላ ደግሞ ባህር ላይ መርከቧ ስትወዛወዝ እህሉ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሄድና አዘንብላ ትቀራለች፣ ብዙ መርከብ በዚህ ሰጥሟል። ቱሬት ላይ ግን ባዶ የሚቀረውን ጥግ መጀመሪያውኑ አልሰሩትም፣ ትከሻዋ የክምሩን ቁልቁለት ተከትሎ ነው የወረደው፣ ስለዚህ እህሉ ራሱ ይሞላዋል። በመንገድ ላይ እህሉ ጠቅጠቅ ብሎ ሲወርድ ደግሞ ከላይ በጠባቡ አንገት ውስጥ ያለው እየወረደ ይተካል፣ ላይ ላይ የሚንቀሳቀሰው እህል ጠባብ ስለሆነ ወዲህ ወዲያ ቢልም ብዙ አይጎዳትም። በዛ ላይ የጎበጠው ብረት ራሱ ጥንካሬ ስለሚሰጣት ውስጧ የምሰሶ ጫካ አያስፈልጋትም፣ ሰፊ መጋዘን ነው።

በ1911 አካባቢ የቶን አለካኩ ሲቀየር ጥቅሟ ቀረ፣ የመጨረሻዋም በዛው ዓመት ተሰራችና አበቃ። ሮፕነር የሚባሉ ስቶክተን ላይ የነበሩ ሰዎች ትረንክ ዴክ የምትባል ዘመዷን ሰርተው ነበር፣ ጎበጥ ያለው በማዕዘን ተተክቶ ማለት ነው፣ ሀሳቡ ያው ነው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ወላሂ ያቺን መርከብ ሳያት ወዲያው ነው ትገለበጣለች ያልኩት። ተገልብጣ ታውቃለች ወይስ እኔ ነኝ የማላውቅ? (ከባቲ)

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም፣ አይንህ አልዋሸህም፣ ተገልብጣለች። አንድ መርከብ ወደ ጎን ስታዘነብል የሚመልሳት ውሃ ውስጥ እየገባ ያለው ጎኗ ነው፣ ሰፊ ጎን ባላት መጠን ውሃው ወደ ላይ ይገፋታል። ቱሬት ላይ ግን እርከኑ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ከላይ የቀረው ያ ጠባቡ አንገት ነው፣ እሱ ብዙ የመመለስ ጉልበት የለውም። በትክክል ከተጫነች ምንም አትልም፣ ጭነቱ ወደ ላይ ከበዛ ግን ነገር ተበላሸ።

የክላን ላይን የሆነችው ክላን ራናልድ በጃንዋሪ 31 ቀን 1909 ከአውስትራሊያ አዴሌድ ስንዴና ዱቄት ጭና ወጣች፣ ለጉዞ የሚሆናትን የድንጋይ ከሰል ከላይ ወለሉ ላይም ደርድረውባት ነበር። በዛው ቀን አዘነበለች፣ መመለስ አልቻለችም፣ ማታ ላይ ተገለበጠች። ከነበሩት 64 ሰዎች 40ው ሞቱ። አብዛኞቹ መርከበኞች ላስካር የሚባሉ ከእስያ የተቀጠሩ ነበሩ፣ እና የሚያናድደው ምን መሰለህ፣ ከሞት የተረፉትን ላስካሮች አውስትራሊያ ያኔ ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይገባ የምትጠቀምበትን የጽህፈት ፈተና አስቀመጠቻቸው፣ ወደቁ ተብሎ ወደ ኮሎምቦ ተሸኙ። ከባህር ወጥቶ ልብሱ ሳይደርቅ ፈተና!

ጥያቄ፦ ደሴ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ኢንተርኔት ላይ ዌልባክ የሚባል የአሜሪካ መርከብ አየሁ፣ ሰብማሪን ነው የሚመስለው፣ እሱስ ከቱሬት ጋር ይገናኛል? ለምን ቀረ? (ከደሴ)

መልስ፦ ይገናኛል፣ እንዲያውም ዌልባክ ይቀድማል። ፈጣሪው አሌክሳንደር ማክዱጋል ይባላል፣ ስኮትላንድ ተወልዶ አሜሪካ ትልልቆቹ ሃይቆች ላይ ካፒቴን ሆኖ የሰራ ሰው ነው። ችግሩ ምን ነበር፣ እዛ ሃይቅ ላይ አንድ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ከኋላው ሞተር የሌላቸው ጀልባዎችን በገመድ እየጎተተ ነው የብረት ማዕድን የሚያመላልሰው፣ የሚጎተቱት ደግሞ በማዕበል ወዲህ ወዲያ እየተወረወሩ አስቸገሩ። እሱ ታዲያ ማዕበሉን ከመመከት ይልቅ ለምን ላዩዋ ላይ እንዲያልፍ አልተወውም አለ፣ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ጀርባዋ ክብ፣ አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ የብረት ቱቦ ነገር ሰራ። ስትጭን ጀርባዋ ብቻ ነው ከውሃ በላይ የሚታየው፣ የሰው መኖሪያውና መሪው ክብ በሆኑ ማማዎች ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ውሃው በማማዎቹ መሃል ያልፋል። ስሙን ያወጡት ከዓሣ ነባሪ ጀርባ ነው፣ የማይወዷት ግን በአፍንጫዋ ምክንያት የአሳማ ጀልባ ይሏት ነበር።

የመጀመሪያዋ ስም እንኳን አላገኘችም፣ ቁጥር 101 ነው የተባለችው፣ በ1888 ዱሉዝ ላይ ውሃ ገባች። ከ2 ዓመት በኋላ በራሷ ሞተር የምትሄደው ኮልጌት ሆይት መጣች። ከዛ በ1891 ቻርልስ ዌትሞር የምትባለዋ ስንዴ ጭና ከሃይቁ ወጥታ፣ የሴንት ሎውረንስን ወንዝ ፏፏቴ መሰል ወራጅ ውሃ አልፋ፣ አትላንቲክን አቋርጣ ሊቨርፑል ገባች። እንግሊዞቹ አይናቸው የተከፈተው ያኔ ነው፣ ዶክስፎርድም ቱሬትን ያወጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ራሱ ዶክስፎርድ ደግሞ በ1893 ሳጋሞር የምትባል ዌልባክ ሰርቷል። አንዷን ሰው መጫኛ አድርገዋት ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ብለው በ1893 የቺካጎ ኤግዚቢሽን ላይ አሰርተዋታል፣ እሱን ተወው።

እኔን የነካችኝ ሲቲ ኦፍ ኤቨረት ናት። በ1897 ህንድ ውስጥ ረሃብ ሲገባ ይቺ ዌልባክ የእርዳታ በቆሎ ጭና ከአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ካልካታ ድረስ ሄደች። በእኛ በ77 አሰብ ላይ የሚራገፍ የእርዳታ ስንዴ በደሴ መንገድ ሲወጣ ያየ የወሎ ሰው ይሄን ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፈውም።

ለምን ቀረ ላልከው፣ በባህሪዋ አልነበረም፣ ውሃ ላይ ጎበዝ ነበረች። የጭነት አፏ ነው የገደላት። ጀርባዋ ክብ ስለሆነ ሰፊ አፍ መክፈት አይቻልም፣ ጠባብ ጠባብ ክፍት ነው ያላት። ወደቡ ላይ በባልዲ ሲራገፍ ምንም አልነበረም፣ በኋላ ግን ሁሌት የሚባለው በአንድ ጊዜ ብዙ ቶን የሚዝቅ ግዙፍ የማራገፊያ ማሽን መጣ፣ ማሽኑ ክንዱን ሊያስገባባት ሲል አልገባ አለ። ሌላው መርከብ በሰዓታት ሲራገፍ እሷ ወረፋ ትይዛለች፣ የመርከብ ገንዘብ ደግሞ የቆመ ቀን አይወድም። ሌላ ነገርም አለ፣ ጀርባዋ ለውሃው በጣም ቅርብ ስለሆነ አፏ ካልተዘጋ አደጋ ነው፣ ቶማስ ዊልሰን የምትባለዋ በ1902 ዱሉዝ አጠገብ ከሌላ መርከብ ጋር ስትጋጭ ሽፋኖቿ ገና አልተገጠሙም ነበር፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሰመጠች፣ 9 ሰው ሞተ። ለመመረቂያህ ርዕስ ካጣህ ይቺን ውሰዳት፣ ከተርባይን ትሻላለች።

ጥያቄ፦ አያቶቻችን እንግሊዝ በዝሆን መቅደላ መጣ ይሉናል። ዝሆኑ በመርከብ ነው የመጣው? ያኔስ በስዊዝ ነው ያለፈው? (ከተንታ፣ አንድ አባት)

መልስ፦ አባታችን ጤናዎ እንዴት ነው፣ አያቶችዎ እውነት ነው የነገሩዎት። በ1868 ጀነራል ናፒየር 44 ዝሆን ከህንድ በመርከብ አስጭኖ ዙላ ላይ አውርዷል፣ መድፉን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። የሚጠጣ ውሃ ዙላ ላይ ስላልነበረ ደግሞ የባህር ውሃ በእንፋሎት እያጣሩ ነበር የሚጠጡት፣ መርከቦቹ ራሳቸው ምንጭ ሆነው ማለት ነው። በስዊዝ ግን አላለፉም፣ ካናሉ ገና እየተቆፈረ ነበር፣ የተከፈተው በሚቀጥለው ዓመት ኖቬምበር 17 ቀን 1869 ነው። እና አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ካናሉ ሊከፈት 2 ቀን ሲቀረው፣ ኖቬምበር 15፣ ሩባቲኖ ለሚባል የጣሊያን መርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት በ6,000 ጠገራ ብር ተገዛ። ቀኑ እንዲህ የተጠጋጋው በአጋጣሚ አይደለም፣ በካናሉ የሚያልፍ መርከብ ሁሉ የድንጋይ ከሰል የሚሞላበት ቦታ ይፈልጋል። ከዛ በኋላ የመጣውን እርስዎ ከኔ የተሻለ ያውቁታል። ክፉ ቀን ያመጣው የከብት በሽታም ቢሆን በመርከብ ነው የገባው፣ በ1887 ጣሊያኖች ወደ ምፅዋ ባስመጧቸው ከብቶች።

ጥያቄ፦ ባለ ጎማ መርከብ ነበረ የሚል ቪዲዮ አየሁ፣ ፌክ ነው አይደል? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ፌክ አይደለም ግን አልሰራም። ኧርነስት ባዚን የሚባል ፈረንሳዊ በ1896 በትልልቅ የሚንከባለሉ ጎማዎች ላይ የምትቆም መርከብ ሰርቶ ነበር፣ ውሃውን ከመቅደድ እየተንከባለለ ይለፍ ብሎ። ጎማዎቹ ሲዞሩ ውሃውን ይዘውት ወደ ላይ እየወጡ ጎተቷት፣ ያሰበው ፍጥነት ሳይመጣ ቀረ፣ በቃ ተፈታታች። እቃም አልጫነችም።

ጥያቄ፦ እናቴ ልጅ እያለች ላምባ በቆርቆሮ ነበር የሚሸጠው ትለኛለች። በመርከብ ሲመጣም በቆርቆሮ ነበር ወይስ እንዳሁኑ ቦቴ መርከብ ነበራቸው? (ከወልዲያ)

መልስ፦ እህታችን ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሁለቱም ነው። መጀመሪያ ላምባው በቆርቆሮ ተሞልቶ፣ ቆርቆሮው ጥንድ ጥንድ እየሆነ በእንጨት ሳጥን ታሽጎ ነበር የሚጫነው፣ ሳጥኑ ራሱ ቦታ ይበላል። በ1886 ኒውካስል ላይ የተሰራችው ግሉካውፍ ላምባውን በቀጥታ መርከቧ ሆድ ውስጥ አፈሰሰችው፣ የዛሬ ቦቴ መርከቦች ሁሉ እናት እሷ ናት። ስዊዝ ካናል ግን እሳት ይነሳል ብለው ቦቴ አናሳልፍም አሉ። ማርከስ ሳሙኤል የሚባል የለንደን ነጋዴ ታዲያ ካናሉ ምን ቢሟላ ታሳልፋላችሁ ብሎ ያወጡትን መስፈርት ይዞ መርከብ አሰራ፣ ለምሳሌ ካናሉ ውስጥ መሬት ብትነካ ላምባ ሳታፈስ፣ የያዘችውን የማመጣጠኛ ውሃ ብቻ ደፍታ መነሳት እንድትችል። እዚህም መርከቧን የሳለው ደንቡ ነው ማለት ይቻላል። ሙሬክስ ትባላለች፣ በኦገስት 1892 የሩሲያን ላምባ ይዛ በካናሉ አለፈች፣ የመጀመሪያዋ ቦቴ ናት። ላምባዋን ሩቅ ምስራቅ አራግፋ ሆዷን በእንፋሎት ካጠበች በኋላ ደግሞ ሌላ እቃ ጭና ትመለስ ነበር፣ ባዶ መመለስ የለም። የሳሙኤል ንግድ በኋላ ሼል ሆነ፣ ማደያ ላይ ያለው የዛጎል ምልክት የሱ ነው፣ ሙሬክስም የዛጎል አይነት ናት።

ጥያቄ፦ ከነዚህ መርከቦች ዛሬ የቀረ አለ? በአካል ማየት ነው የምፈልገው። (ከመርሳ)

መልስ፦ ከቱሬት ባህር ላይ የቀረ የለም፣ የክላን ራናልድ ስባሪ አውስትራሊያ ባህር ስር አለ፣ ለዛ ዋና ያስፈልግሃል። ከዌልባክ ግን አንዲት ተርፋለች፣ ሜቴዎር ትባላለች። በ1896 ፍራንክ ሮክፌለር ተብላ ነው የተሰራችው፣ መጀመሪያ የብረት ማዕድን ጫነች፣ ከዛ አሸዋ፣ በ1930ዎቹ አዳዲስ መኪና ደርድራ አመላለሰች፣ በ1943 ደግሞ ቦቴ አደረጓትና እስከ 1969 ነዳጅ ጫነች። የጠባብ አፏ ነገር ትዝ ካለህ፣ ነዳጅ በቱቦ ስለሚገባና ስለሚወጣ አፍ አያስፈልገውም፣ እሷን ያተረፋትም ያ ነው። አሁን በተሰራችበት ከተማ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ሱፒሪየር ላይ ሙዚየም ሆና ቆማለች፣ ውስጧ ገብተህ ሞተሩንም መጋዘኑንም ታያለህ። ቪዛውን አንተ ጨርስ፣ ስትሄድ ግን በነሱ የሙቀት ወራት ይሁን፣ በብርዱ ጊዜ ዝግ ነው።